ሳልሄድበት ያስመለሰኝ ባሕር

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ስለ ሰው አንጎል የማውቀው፣ ኩዌት ውስጥ አንዲት ግብፃዊት ሐኪም በአንድ ጠዋት የነገረችኝን ብቻ ነው። ያችን ትንሽ ነገር እስካውቅ ድረስ ግን ስሜንም ሥራዬንም ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገሩ ረቡዕ ከሰዓት ጀምሮ ሐሙስ ከሰዓት አለቀ። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ያኔ ሳባህ አል-ሳሌም በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ቤት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ባልየው ለሥራ ውጭ አገር ስለነበር ቤቱ ውስጥ የነበሩት ማዳምና ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጇ ዳላል ብቻ ናቸው። በግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ደግሞ ሹፌሩ ጋሽ ሰይድ ይኖራል። የደሴ ሰው ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። እኔን «አንቺ ዝምተኛ» ብሎ ነበር የሚጠራኝ።

እውነቱን ነው። ሰው ቀና ብሎ ካየኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ዓረብኛውን እሰማለሁ፣ መናገርም እችላለሁ። ግን ለማዳም የምሰጠው መልስ «አይዋ» እና «ላ» ብቻ ነበር፤ አዎና አይ እንደማለት ነው።

ጊዜው የገና ጾም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የሰጡኝን ሁሉ በልቼ ከርሜያለሁ። በዚህኛው ግን እናቴ ከሕመሟ ስለተነሳችልኝ ሳልፈስክ ልጾመው ተሳልኩ። ይህንን ለማዳም መንገር አፈርኩ። ጠዋት የምትቀዳልኝን የወተት ሻይ ዞር ስትል እቃ ማጠቢያው ውስጥ እደፋዋለሁ። ለምሳ የሚደርሰኝን ሩዝና ዶሮ ግን መድፋት ስላልሆነልኝ በሰሃን አድርጌ በጓሮ በር ለጋሽ ሰይድ አቀብለዋለሁ። እኔ ቀኑ ሲያጋድል ዳቦና ቴምር እበላለሁ።

«አንቺ ዝምተኛ፣ የአንቺ ጾም ለእኔ ፋሲካ ሆነ እኮ!» ይለኝ ነበር፣ ሰሃኑን እየተቀበለ።

እስቃለሁ። ከላይ ባለው መስኮት የሚያየኝ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

ለዳላል አጎቷ ቪአር የሚሉትን መነጽር አምጥቶላት ነበር። መነጽር ይበሉት እንጂ የዋናተኛ መነጽርና ትንሽ ሣጥን ተጋብተው የወለዱት ነው የሚመስለው። ፊት ላይ ሲታሰር የቤቱን አንድ ነገር አያሳይም፤ ውስጡ ግን ሌላ አገር አለ። ዳላል ቀንም ማታም እሱን አጥልቃ አየር ስትጨብጥ ትውል ነበር። ፈተናዋ ሲደርስ ማዳም ነጥቃ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን ከሽቶ ጠርሙሶቿ ኋላ እንደምትደብቀው አውቃለሁ፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ለካ ዳላልም ታውቃለች።

ረቡዕ ከሰዓት ማዳም እህቷ ዘንድ ሄደች። የመኪናው ድምፅ እንደራቀ ዳላል ከላይ ተጣራች።

«ሙሉ! ነይ ቶሎ!»

ስወጣ መነጽሩ እጇ ላይ ነው። ደነገጥኩ።

«እንዲህ አትዪኝ! ነይ፣ ጭማቂ ጠጪ። ባሕር ላይ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«ላ።»

«እንዴት? ባሕሩ እኮ እዚሁ ነው!»

«በመኪና መስኮት ነው ያየሁት።»

ሳቀች፤ በክፋት አይደለም። «ዛሬ በጀልባ እወስድሻለሁ። ለማማ ግን ከነገርሽ አበቃልኝ። ወላሂ በይ።»

«አልምልም።»

«እሺ፣ ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ። ጭማቂውንም ጠጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ አፌ የገባው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ዳላል ሻሼን አስተካክላ መነጽሩን ፊቴ ላይ አሰረችው።

ባሕር መጣ። ዙሪያዬን ባሕር ነው። ከኋላዬም ስዞር ባሕር ነው፣ ፀሐይ ወርዶበት ያብለጨልጫል። «ኢየሱስ!» አልኩ። ጀልባዋ ተነሳች። ከዚያ ወደ ታች ባይ እግሬ የለም! ጀልባዋ አለች፣ እኔ የለሁም። ማዕበሉ ሽቅብ ሲያወጣኝ ሆዴ ከታች ቀረ፤ ቁልቁል ስንወርድ ሆዴ ወደ ላይ መጣ። እኔ ግን ምንጣፍ ላይ እንደቆምኩ ነኝ፤ ምንጣፉ ከጫማዬ ሥር ይሰማኛል። ጀልባዋ ወደ ጎን ስትጋደል እኔም ተጋደልኩ፣ የምይዘው ፈልጌ አጣሁ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ወደቅኩ።

ዳላል እየሳቀች ፈታችልኝ። መነጽሩ ተነስቶ ቤቱ መዋለሉን አልተወም። ጀርባዬን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፣ አፌ ምራቅ ሞላ። ደረጃውን ግድግዳ ይዤ ወርጄ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስደርስ አስመለሰኝ።

ቀና ስል ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደተመለሰች አልሰማሁም። ምን ሆንሽ አላለችኝም። ፊቴን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ሆዴ አወረደች፣ ዞራ ሄደች።

ማታ ለእራት አሣ ስጠብስ ሽታው ሲመታኝ እንደገና ወደ ማጠቢያው ሮጥኩ። ስመለስ ማዳም ስልክ ይዛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከእህቷ ጋር ታወራለች። ወተት ስትል ሰማሁ። ዶሮ። ሰሃን። ሹፌሩ። ከዚያም «ሃሚል» አለች።

ቃሉን አውቀዋለሁ። የማዳም እህት ያረገዘች ጊዜ ቤቱ ሁሉ ሲለው ከርሟል።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ገፋሁት። መቆለፊያው ከመጣሁ ጀምሮ የተበላሸ ነው። ባል የሌላት ሠራተኛ እዚህ አገር አረገዘች ሲባል ምን እንደሚከተል ሁላችንም ስንሰማ የኖርነው ነው፤ ፖሊስ፣ እስር፣ ከዚያ ባዶ እጅ ወደ አገር ቤት። እናቴ ልጅሽ ምን ሆና መጣች ስትባል ታየኝ።

ወንድ አላውቅም። ይህን ከእግዚአብሔርና ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን የማዳም ዓይን እርግጠኛ ነበር። ሰው በእርግጠኛነት ሲጠረጥራችሁ ራሳችሁን መጠርጠር ትጀምራላችሁ። የማይቆለፈውን በር አየሁት። በእንቅልፌ ሰው ገብቶ ይሆን? ጋሽ ሰይድ ሰሃኑን ሲቀበለኝ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚስቀው? ዳላልስ ያን ጭማቂ ለምን ሰጠችኝ፣ ምን ጨምራበት ይሆን? ወይስ መነጽሩ ራሱ ክፉ መንፈስ አለበት? እግሬን የደበቀው ማን ነው? ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አልጋዬ እንደ ጀልባ ይነሳል። ሲነጋ በዚያ ቤት ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም።

ዳላል ወደ ፈተናዋ ስትሄድ በአጠገቤ አልፋ አላየችኝም። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ሰይድ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምንድን ነው ያልሻት?»

«ምንም አላልኩም ጋሼ።»

«አንቺ ሁልጊዜ ምንም ነሽ! የመኪናውን ቁልፍ ነጠቀችኝ። ከክፍልህ እንዳትወጣ አለችኝ፤ ተደብቄ ነው የመጣሁት። ንገሪኝ፣ ማን ነው?»

«ምኑ?»

«የልጁ አባት ነዋ! ስሚኝ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። በእኔ እንዳታሳብቢ፤ ሰሃን ሰጠሽኝ፣ በላሁ፣ ሌላ ነገር የለም።»

«አንተም ጋሼ?» አልኩት።

እሱም ሆዴን አየ። ከማዳም ዓይን ይልቅ የእሱ አመመኝ፤ በአማርኛ የሚያወራኝ ብቸኛ ሰው እሱ ነበር።

ማዳም ራሷ መኪናውን ይዛ ከኋላ አስቀመጠችኝ። ሰፈራችን ውስጥ ክሊኒክ አለ፤ አልፈነው ሄድን። አውራ ጎዳናው ላይ አውሮፕላን የተሳለበት ሰማያዊ ምልክት ሳይ ወደ አየር ማረፊያ የምትወስደኝ መሰለኝ። ልብሴን እንኳ አልያዝኩም። መኪናው ሳይታጠፍ ሲያልፍ ተነፈስኩ።

«ሚኑ?» አለችኝ በመስታወቱ እያየችኝ። ማን ነው? ማለቷ ነው።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

«ሚኑ? ሰይድ ነው?»

«ላ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

የለም ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዝምታዬ ደግሞ ለእሷ መልስ ሆነላት።

ሻርቅ በሚባል ሰፈር፣ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ያለ ክሊኒክ ገባን። ዘመድ እንዳያያት ነው ራቅ ያለችው። ሐኪሟ ግብፃዊት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሌላ መነጽር የምትፈልግ ዓይነት ሴት። ማዳም ሁሉንም እሷው ተናገረች፤ ወተት መድፋቴን፣ ሥጋ መጥላቴን፣ ማስመለሴን፣ ሰሃኑን። እኔ መሬቱን አያለሁ። ደም ተወሰደልኝ፣ ኮሪደር ላይ ቆይታችሁ ትጠራላችሁ ተባልን።

ንጹሕ መሆኔን አውቃለሁ፤ ግን የዚያን ደም ውጤት ስጠብቅ እንደ ወንጀለኛ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እል ነበር።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና ገለበጠችው። «አላረገዘችም» አለች።

ማዳም ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ሳበች። «እርግጠኛ ነሽ? ታዲያ ለምን ታስመልሳለች? የሚተላለፍ በሽታ ይሆን? ወይስ የወሰደችው ነገር አለ?»

«እሷን ልጠይቃት?» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ስምሽ ማን ነው?»

«ሙሉ።»

«ሙሉ፣ ትናንት ምን ሆነሽ ነበር?»

ከትናንት ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ከእንባው ጋር ቃሉም መጣ። ጾሜን ነገርኳት። ሻዩን ለምን እንደምደፋ፣ ሰሃኑን ለምን እንደማቀብል ነገርኳት። ስለ መነጽሩ ስደርስ ለዳላል የገባሁት ቃል ያዘኝ። ግን በዚያ ቃል ምክንያት ጋሽ ሰይድም ከክፍሉ እንዳይወጣ ተከልክሎ ተቀምጧል። ነገርኳት።

ሐኪሟ ሳቅ አለች። «ቆመሽ ነበር? በባዶ ሆድ?»

«አዎ።»

«ስሚኝ። ጆሮሽ ውስጥ፣ ጥልቅ ቦታ፣ ውሃ የያዙ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉ። ስትንቀሳቀሺ ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ አንጎልሽ መሄድሽን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው። ትናንት ዓይንሽ ‹ባሕር ላይ ነን፣ ማዕበል ያናውጠናል› አለ። ጆሮሽ ደግሞ ‹ኧረ የትም አልሄድንም፣ ቆመናል› አለ። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ አቃተው። እንዲህ ሲምታታበት፣ አንዳንድ ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ይጠረጥራል። ‹መርዝ በልተናል፣ ቶሎ ይውጣ› ብሎ ሆድን ያዛል። ላቡም፣ ምራቁም፣ ማስመለሱም ከዚያ ነው። አንዳንድ ሰው እስከ ማግስቱ ይዋልላል። በሽታ አይደለም።»

የዳላል ጭማቂ ትዝ አለኝ። እኔም መርዝ ጠርጥሬ ነበር እኮ!

ማዳም ግን ፊቷ አልተፈታም። «ስዕል አይቶ ያስመለሰ ሰው አላየሁም። ደግሞ መነጽሩ ተቆልፎበታል። ቁልፉን የት አገኘሽው?»

ዳላል ናት ያወጣችው ብዬ ልደግም አፍሬ መሬቱን አየሁ።

«የሽቶ ዕቃዬን የምትነካው እሷ ብቻ ናት» አለች ለሐኪሟ። እርጉዝ ሆኜ ገብቼ ሌባ ሆኜ ወጣሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እንዳለን ወደ አስቀጣሪው ቢሮ ደወለች፤ ከሰዓት መጥተው እንዲወስዱኝ። እቤት ስንደርስ «ሻንጣሽን አዘጋጂ» አለችኝ። ሌባ ተብላ ወደ ቢሮ የተመለሰች ሠራተኛን ሌላ ቤት አይቀበላትም። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አወጣሁ፤ የምከተው ብዙ አልነበረኝም።

ዳላል ከፈተና ስትገባ ማዳም ሳሎን ጠራቻት። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ዳላል፣ መነጽሩን ለሙሉ ሰጥተሻት ነበር?»

ዳላል እኔን አየችኝ፣ ሻንጣውን አየች፣ ከዚያ እናቷን።

«ላ፣ ማማ። መነጽሩ አንቺ ጋ አይደለም እንዴ?»

እግሬ ሥር ምንጣፉ እንደገና እንደ ጀልባ ተነሳ። ማዳም እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፣ ውጪ ማለቷ ነው። ያኔ አንድ ነገር አፌን ከፈተው። በሕይወቴ ቀና ብዬ ለአሠሪ የተናገርኩት የመጀመሪያው ረጅም ንግግር ይህ ነው።

«ማዳም፣ አንቺ አድርጊው። እኔ እንዳደረግኩት ቆመሽ አድርጊው። ጀልባዋ ላይ ውጪ። ምንም ካልሆንሽ ማንም ሳያስወጣኝ ራሴ እወጣለሁ።»

ሁለቱም ፈዘው አዩኝ። ማዳም ሳቀች። «ዋላህ ትናገራለች ለካ!» አለችና ውሸቴን ልታጋልጥ ወደ ላይ ወጣች። መነጽሩን ይዛ ወርዳ «ክፈቺልኝ» አለቻት ዳላልን። ልጅቷ ወደ እኔ ሳታይ ጀልባዋን ከፈተችላት።

ማዳም ሳሎኑ መካከል ቆመች።

«ሱብሓነላህ፣ እንዴት ያምራል!» አለች መጀመሪያ። «ይህ ነው እንግዲህ የሚያስመልሰው?»

እኔ ልቤ ወረደ። ምንም ባይላትስ? ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት የማያደርግ ቢሆንስ?

ጥቂት ቆየች። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ተነስቶ የሌለ ነገር ፈለገ። ሰውነቷ ወደ ጎን ተጋደለ።

«ማማ ቁጭ በይ!» ብላ ጮኸች ዳላል። «ቆመሽ አይሆንም! ሙሉም ቆማ ነው የወደቀ...»

አፏን በእጇ ያዘች። ማዳም መነጽሩ ፊቷ ላይ እንደታሰረ፣ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ዞራ፣ «ማን ወደቀ?» አለች።

ወዲያው ተንገዳገደች። ሻንጣዬን ጥዬ ሮጬ ደገፍኳት። መነጽሩን ስፈታው ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል፣ ግንባሯ በላብ ርሷል። መታጠቢያ ቤት አደረስኳትና ጎንበስ ስትል ግንባሯን ያዝኩላት። አስመለሳት። በኋላ ሎሚ ቆርጬ አመጣሁላት፣ እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እያሸተተች ብዙ ቆየች። ዳላል በሩ ላይ ታለቅሳለች።

«ለምን ከመጀመሪያው አልነገርሽኝም?» አለችኝ ማዳም፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«‹ማን ነው?› ነው ያልሽኝ ማዳም። ‹ምን ሆንሽ?› ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

ዓይኗን ገለጠች። ስልኳን እንዳቀብላት ጠየቀችኝና ለቢሮው ሰዎች «ኸላስ፣ አትምጡ» ብላ ዘጋችው።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ይህን የምለው እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው። ግን ለጋሽ ሰይድ ቁልፉን መለሰችለት፤ በማግስቱም ሻዬን ያለ ወተት ቀዳችልኝ። እኔም አፌ ከተከፈተ አይቀር ብዬ በሬ ላይ መቆለፊያ እንዲደረግልኝ ጠየቅኳት። ዞራ በሬን አየችው። የዚያችን ሌሊት ሐሳቤን ያነበበችው መሰለኝ። ጋሽ ሰይድን ልካ ከሹዌኽ ሱቆች አስገዛችልኝ።

እሱ ሲገጥመው አላየኝም። ሲጨርስ ቁልፉን መዳፌ ላይ አደረገና «አፉ በይኝ እህቴ» አለኝ። «ፈራሁ። ሲፈራ ሰው ይጠረጥራል።»

«እኔም ጠርጥሬህ ነበር ጋሼ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ዳላልም ከፈተናው በኋላ መነጽሩ ሲመለስላት፣ «ነይ፣ አሁን ቁጭ ብለሽ እዪ» ብትለኝ እሺ አላልኳትም።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ስለዚያ አንጎል ደጋግሜ አስባለሁ። ክፉ ሆኖ አይደለም የሚያስመልሰው፤ ሊያድነን ነው። ዓይን አንድ ነገር ሲል፣ ጆሮ ሌላ ሲል፣ ጠጋ ብሎ መጠየቂያ ስለሌለው መርዝ ነው ብሎ ይፈርዳል። ማዳምም ያየችውን አየች፤ የእኔ ዝምታ ግን ምንም አላስረዳትም። መርዝ ነው ብላ ልታወጣኝ ነበር። እኔም በዚያች ሌሊት ሁሉንም መርዝ አደረግኩ። ለአንጎል እንኳ ይሁን፤ እኛ ግን አፍ አለን። እኔ አፌን ለመጠቀም ሻንጣ እስክይዝ መጠበቅ አልነበረብኝም።

አሁንም ዓይናፋር ነኝ፤ ያ አልተቀየረም። ግን ባለፈው ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ ግቢው ጥግ ጎንበስ ብላ ስታስመልስ አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ «ማን ይሆን?» ስትል ሰማኋት። ልቤ እየመታ፣ በሁሉም ፊት ግቢውን አቋርጬ ሄድኩና ግንባሯን ያዝኩላት።

«ምን ሆንሽ እህቴ?» አልኳት።

ቀና ብላ በእርጥብ ዓይኗ አየችኝ።

«አውቶቡስ አይስማማኝም» አለችኝ።